ከውዳቂ ብረት ቢላ መሥራት፦ ብረቱን ከመለየት እስከ ስለቱ

ቢላ ለመሥራት የግድ አዲስ ብረት መግዛት አያስፈልግም። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ፣ ከማሽን የወጣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም ከፋብሪካ ሲወጡ ጥሩ ብረት ነበሩ። አሁንም ናቸው። ብረት ስላረጀ ብቻ ካርቦኑ አያልቅበትም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ከወደቀ ዕቃ ላይ የተገኘ ብረት ማንነቱን የሚናገር ወረቀት አብሮት አይመጣም። ቀኑን ሙሉ ቀጥቅጣችሁ፣ ሞርዳችሁ፣ አስተካክላችሁ ስታበቁ ብረቱ የማይጠነክር ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወይም ቀድሞውኑ ውስጥ ውስጡን የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከመዶሻው ይልቅ ለምርመራው ሰፋ ያለ ቦታ የምሰጠው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሙከራ የቀናት ድካም ያድናል።

የትኛው ብረት ቢላ ይሆናል?

ወሳኙ ካርቦን ነው። ተራ የግንባታ ብረት፣ ላሜራ፣ ምስማር፣ የበርና የመስኮት ብረት ብዙውን ጊዜ ካርቦናቸው ከ0.25 በመቶ በታች ነው። እንዲህ ያለውን ብረት አግላችሁ ብትነክሩት ለቢላ የሚበቃ ጥንካሬ አይመጣለትም። ስለት ይወጣለታል፤ ግን ቶሎ ይተኛል። ለቢላ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ አካባቢ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲታይ ኢምንት ነው፤ በሥራ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ለጀማሪ የምመክረው ባሌስትራ ነው። ብዙ ባሌስትራዎች 5160 ከሚባለው ብረት ወይም ከእሱ ከሚቀራረብ ዓይነት የተሠሩ ናቸው። 5160 ወደ 0.6 በመቶ የሚጠጋ ካርቦንና ትንሽ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ብረቱ ዘይት ውስጥ ሲነከር በደንብ እንዲጠነክር ያግዘዋል። ምት ይችላል፤ ትንሽ ስህተትም ይሸከማል። የሚያስቸግረው ውፍረቱ ነው። አንዳንዱ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ወደ 4 ወይም 5 ለማውረድ ጉልበት ይፈልጋል። ከአነስተኛ መኪና የወጣ ሳሳ ያለ ባሌስትራ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ጥቅል ሞላም ብረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ክብ ስለሆነ ግን መጀመሪያ ማቃናት፣ ቀጥሎ መደፍጠጥ የሚባል ተጨማሪ ሥራ አለው።

ሞረድ ከባሌስትራ የበለጠ ካርቦን አለው። ጥሩዎቹ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ናቸው። ስለታቸው ቶሎ አይደነዝዝም። አንዳንድ ርካሽ ሞረዶች ግን የጠነከረው ላያቸው ብቻ ነው፤ ውስጣቸው ተራ ብረት ነው። ጫፉን ሰብራችሁ ብታዩት ዳር ዳሩ ላይ ቀጭን ሽፋን፣ መሃሉ ደግሞ ሌላ መልክ ያለው ከሆነ ለቢላ አይሆንም።

የኩሽኔታ ቀለበት ብዙውን ጊዜ 52100 የሚባለው ብረት ነው፤ 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ አካባቢ ክሮሚየም ያለው። ግሩም ቢላ ይወጣዋል። ነገር ግን ከመዶሻ ስር በቀላሉ አይንቀሳቀስም፣ ሙቀቱንም በጥንቃቄ መያዝ ይፈልጋል። እጃችሁ እስኪፈታ ድረስ አስቀምጡት። የድሮ የእንጨት መጋዞች ስስና ጥሩ ብረት ናቸው፤ በመቁረጥና በመሞረድ ብቻ ቢላ ይሆናሉ። በየጥርሳቸው ላይ ጠንካራ ቁራጭ የተበየደባቸው ዘመናዊ ክብ መጋዞች ግን አካላቸው ከየዓይነቱ ስለሆነ ሳትሞክሩ አትመኑ።

አክስልና ሻፍት መካከለኛ ካርቦን ያላቸው ናቸው። ከእነሱ መዶሻና ጉጠት ይሠራል እንጂ ጥሩ ቢላ አይጠበቅም። ፌሮ ደግሞ የቀለጠ ውዳቂ ድብልቅ ስለሚሆን አንዱ ዘንግ ከሌላው ይለያያል። የባቡር ሐዲድ ማሰሪያ ችንካር በብዙዎች ዘንድ ቢላ ይሠራበታል፤ ከፍተኛ ካርቦን የሚል ምልክት ያለበት እንኳ ወደ 0.3 በመቶ ብቻ ነው። ለማስታወሻ ያምራል፤ ለመቁረጥ አይሆንም።

እሳት ውስጥ መግባት የሌለበት

ይህን ክፍል ዘልላችሁ አትለፉ። ጋልቫናይዝድ የሆነ ብረት፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ ቧንቧ፣ ሽቦ፣ ብሎን፣ ፈጽሞ እሳት ውስጥ አይገባም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል። የእናንተ ምድጃ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። የሚወጣውን ነጭ ጭስ የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ እያለው ትኩሳት ይይዘዋል። ክሮም ወይም ካድሚየም የተለበጠ ብረትም እንዲሁ ይቅር። ካድሚየም ሳንባን አበላሽቶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የሚያብረቀርቅ፣ ወርቃማ ወይም ቀስተ ደመናማ ሽፋን ያለው ብሎንና መሣሪያ ካያችሁ ተዉት። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላልና ቀለም የተቀባውንም አቃጥሎ ማጽዳት አይመከርም።

ሁለተኛው አደጋ የታሸገ ነገር ነው። አሞርዛተር፣ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር፣ የጋዝ ቦምቦላ፣ ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ፣ እነዚህ ሲሞቁ ውስጣቸው ያለው አየር ወይም ዘይት ይፈነዳል። መኪና ላይ እንደተጨመቀ ያለ ሞላም መቁረጥ አይቻልም። ተፈትቶ፣ ላልቶ የወጣውን ብቻ ውሰዱ።

ብረቱን መመርመር

ማግኔት መጀመሪያ ይምጣ። ማግኔት የማይዘው ብረት ለዚህ ሥራ አይሆንም። መያዙ ግን ስለ ካርቦኑ ምንም አይነግራችሁም፤ ምስማርንም ይይዛል።

ቀጥሎ የፍንጣሪ ሙከራ ነው። ግራይንደር ላይ ብረቱን ነካ አድርጉና የሚወጣውን ፍንጣሪ ከጀርባው ጥቁር ነገር አድርጋችሁ ተመልከቱ። ብቻውን ስታዩት ብዙ አይገባችሁም። የምታውቁትን ነገር ጎን ለጎን ያዙ፤ አንድ ምስማርና አንድ ጥሩ አሮጌ ሞረድ ይበቃል። ምስማሩ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያወጣል፤ ጫፋቸው ላይ የሚፈነዳው ጥቂት ነው። ሞረዱ አጠር ያሉ፣ ከድንጋዩ ብዙም ሳይርቁ የሚፈነዱ፣ ቅርንጫፋቸው የበዛ ፍንጣሪዎች ይሰጣል። ባሌስትራ በሁለቱ መካከል ሆኖ ወደ ሞረዱ ያደላል። የተገኘው ብረት ከየትኛው እንደሚቀርብ ዓይናችሁ ቶሎ ይለምደዋል።

የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን የማጠንከርና የመስበር ሙከራ ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ነው። ከብረቱ ላይ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በሰጌቶ ወይም በግራይንደር ጠባብ ቦይ አብጁለት፤ በየቦዩ ላይ እንዲሰበር ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ እሳቱ መሃል አስገቡና ደማቅ ብርቱካንማ እስኪሆን አግሉት። ሌላው ጫፍ ገና ጥቁር ሆኖ ይቆይ። እንዲህ ሲሆን በአንዱ ቁራጭ ላይ ሁሉም የሙቀት ደረጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሮ ይገኛል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ቢላውን ልትነክሩበት ባሰባችሁት ዘይት ውስጥ ክተቱት።

ከቀዘቀዘ በኋላ በሞረድ ሞክሩት። የጠነከረው ቦታ ላይ ሞረዱ አይነክስም፤ ይንሸራተታል። ያልጠነከረው ላይ ይነክሳል፣ ብናኝም ያወጣል። መነጽር አድርጉና ቁራጩን ሞርሳ ላይ አስሩት። በጨርቅ ሸፍናችሁ ከጋለው ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ በመዶሻ ስበሩት። አሁን የስብራቱን ገጽ በብርሃን ተመልከቱ። ከመጠን በላይ የጋለው ጫፍ ውስጡ ሻካራ ነው፤ ቅንጣቶቹ እንደ ስኳር ያብለጨልጫሉ። ወደ መሃል ስትመጡ ቅንጣቱ እየደቀቀ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ምንም የማያብረቀርቅ፣ ልስልስ ግራጫ ገጽ ታገኛላችሁ። ቢላችሁ መድረስ ያለበት እዚያ ሙቀት ላይ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ቁራጭ አይሰበርም፤ ይታጠፋል። ሙቀቱ አልደረሰውም ማለት ነው። ምንም ቦታ ላይ ካልተሰበረና ሞረድ ሁሉንም ከነከሰው በዚያ ዘይት የማይጠነክር ብረት ነው። ለቢላ አትድከሙበት።

ሳትረሱ ስንጥቅም ፈልጉ። ባሌስትራ ዕድሜውን ሙሉ ሲታጠፍ ሲቃና የኖረ ነው። በተለይ የመሃል ብሎን ቀዳዳው አካባቢና ሌላኛው ባሌስትራ ሲፈትገው የነበረበት ቦታ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል። ብረቱን በደንብ አጽዱና ነጭ ጋዝ ቀቡት። ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በጨርቅ አድርቃችሁ ላዩ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ይሥላል። እንዲህ ያለ መስመር ያያችሁበትን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት። ቀዳዳውንም ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር ራቁት። ነጭ ጋዙን ከእሳት አርቃችሁ መጠቀምና ብረቱ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ማድረቅ አይዘንጋ።

ምድጃውና መሣሪያው

ትልቅ ወጪ አያስፈልግም። ምድጃ ማለት ከሰልና አየር የሚገናኙበት ጉድጓድ ነው። የጎድጓዳ ሳህን ቅርጽ ያለው ጉድጓድ በጭቃና አሸዋ ለስኑ፤ በጎኑ በኩል ከታች 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቧንቧ አስገቡ። ቧንቧው ጋልቫናይዝድ አይሁን። በቧንቧው ወናፍ፣ የፀጉር ማድረቂያ ወይም ትንሽ ማራገቢያ አየር ይሰጣል። አየሩን ማስተካከል መቻል አለባችሁ፤ ብዙ ከሆነ ከሰሉን ይበላል፣ ብረቱንም ያቃጥላል። ጭቃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ትልቅ እሳት አታንድዱ። እርጥብ ድንጋይና ያልደረቀ ኮንክሪትም ሲሞቁ ይፈነዳሉ።

ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጠረን የለውም፣ በተዘጋ ቤት ይገድላል። መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም።

ለመስፍ ከባድ ብረት በቂ ነው። ከአገልግሎት ውጪ የሆነ የሐዲድ ቁራጭ ካገኛችሁ አቁማችሁ ጫፉ ላይ ቀጥቅጡ፤ የምቱ ኃይል በቁመቱ ሙሉ ስለሚያርፍ ከጎኑ ይልቅ ይሻላል። በጠንካራ ግንድ ወይም አሸዋ በተሞላ በርሜል ላይ እንዳይነቃነቅ አስሩት። ከፍታው ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ከጭብጣችሁ ጋር እኩል ይሁን። መዶሻው ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ይበቃል። ከባድ መዶሻ ሥራ ያፋጥናል ብሎ ማሰብ የብዙ ጀማሪ ስህተት ነው፤ ክንድን ያደክማል፣ ምቱም ቦታ ይስታል። በደንብ የሚይዝ ጉጠት፣ ሞርሳ፣ ሰጌቶ፣ ሁለት ሞረድ፣ መነጽር፣ የጥጥ ወይም የቆዳ ልብስና ሽፍን ጫማ ያዘጋጁት መሣሪያ ላይ ጨምሩ። ናይለን የሚመስል ልብስ ገላ ላይ ይቀልጣል። አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይቀመጡ።

ወደ ቢላ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሁለት መንጠቆ ከተራ ብረት ሥሩ። ማሾል፣ ማጠፍ፣ መጠምዘዝ በእሱ ይለመዳል። ለቢላ የማይሆነው ብረት ሁሉ እዚህ ቦታ አለው።

እሳት የማይፈልግ አጭር መንገድ

መስፍና ምድጃ ገና ያላሟላ ሰው በጥሩ ሞረድ ቢላ መሥራት ይችላል። ሞረዱ ቀድሞውኑ ጠንካራ ነው፤ ከመጠን በላይ ስለጠነከረ ተሰባሪ ነው እንጂ። በምግብ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አቆዩት፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት ድገሙት። አሁን ስብራቱ ይቀንሳል፣ ጥንካሬው ግን ለቢላ እንደበቃ ይቀራል። ከዚያ በግራይንደር ቅርጹን አውጡ። ከባዱ ነገር ሙቀቱ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ፣ ያለ ጓንት በባዶ እጅ ይዛችሁ ሥሩ፤ ለእጃችሁ የማይቻል ከሆነ ለስለቱም በዝቷል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል። ያን ያህል ቆርጣችሁ ከማውጣት ሌላ መፍትሔ የለውም። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ የምነግራችሁ፦ ያልለዘበ፣ ማለትም እንዲህ በምድጃ ሙቀት ስብራቱ ያልቀነሰ ሞረድ በመዶሻ አይመታም። ተሰባብሮ ወደ ዓይን ይፈናጠራል።

ባሌስትራውን መቀጥቀጥ

ከባሌስትራው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጡ። ቁመቱን በባሌስትራው ቁመት አቅጣጫ አድርጉት። ትርፍ ርዝመት ካለ ለጊዜው እጀታ ይሆናል፤ ጉጠት ከመያዝ ይቀላል።

ብረቱን የምትቀጠቅጡት ብርቱካንማ ሆኖ ሳለ ነው። ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ መልሳችሁ እሳት ውስጥ ክተቱት። በጠቆረ ብረት ላይ መምታት የሚያመጣው ስንጥቅ ነው። በሌላ በኩል ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ መትፋት ከጀመረ ተቃጥሏል። የተቃጠለ ብረት አይመለስም፤ ቆርጣችሁ ጣሉ። ብረቱ ከሰሉ አናት ላይ ወይም አየሩ በቀጥታ በሚመታው ቦታ ላይ አይቀመጥ፤ መሃል ላይ፣ ከላይም ከታችም ፍም ይኑረው። በአየር ከተከበበ ላዩ ላይ ያለው ካርቦን ይቃጠላል፣ ቅርፊትም ይበዛበታል።

መጀመሪያ ቁራጩን አቃኑ፣ ከዚያ አሳሱት። ቀጥሎ ጫፉን ሥሩ። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። የቢላውን ሹል ጫፍ በጀርባው በኩል በሰያፍ ቁረጡና ከዚያ ጫፉ ወደ ጀርባው በኩል እንዲነሳ ቀጥቅጡት። ጫፉ በስለቱ በኩል ከተቆረጠ ቅርጹን ለማውጣት ብዙ ድካም ይጠይቃል። ጫፉ ካበቃ በኋላ ስለቱ የሚወጣበትን ጎን ከሁለቱም ፊት እያገላበጣችሁ ሳሳ አድርጉ። በአንድ ወገን ብቻ ከቀጠቀጣችሁ ቢላው ይጣመማል። ስለቱን ባሳሳችሁ ቁጥር ብረቱ በዚያ በኩል ይረዝማል፤ ስለዚህ ቢላው ወደ ጀርባው ይቀለበሳል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ወደ ስለቱ በኩል ትንሽ አስቀድማችሁ ማጉበጥ ይሄንን ያካክሳል። ለእጀታ የሚገባውን ጅራት በመጨረሻ አጥብቡ፤ ከስለቱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ክብ ይሁን እንጂ ቀጥ ያለ አይሁን። ስብራት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ሹል ማዕዘን ነው።

ሲያልቅ ብረቱ ውስጥ የተጠራቀመ ውጥረት አለ። ሦስት ጊዜ ማረጋጋት ያስፈልገዋል፦ ማግኔት መያዝ እስኪተው አሙቁት፣ አውጡና በነፋስ በሌለበት ቦታ በአየር ላይ እንዲጠቁር ተዉት፣ ደግሙት። በቅዝቃዜው ጊዜ ነገር አያስነኩት። ይህ በቅጥቀጣው የሻከረውን ቅንጣት ያደቃል። ለመሞረድ ለስላሳ እንዲሆን ከፈለጋችሁ አንድ ጊዜ እንደገና አግሉትና በሞቀ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብራችሁ አሳድሩት።

ማጠንከር

አሁን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ቅርጹን ጨርሱ። ለእጀታ ማሰሪያ የሚሆኑ ቀዳዳዎችን በትራፓኖ አሁኑኑ ብሱ፤ ከጠነከረ በኋላ መብሻ አይበሳውም። ስለቱ ግን አይሳል። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይተው። ስስ ሆኖ ከተነከረ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የጠለቀ ጭረት ካለ ደልዱሉት።

የሚነከርበት የአትክልት ዘይት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ነገር ለሳንባም ለምግብ ቢላም አይሆንም። ውሃ ለባሌስትራ ብረት ቅዝቃዜው በጣም ስለሚፈጥን ይሰነጥቀዋል። 4 ሊትር የሚይዝ፣ ከቢላው ቁመት የሚረዝም፣ መክደኛ ያለው የብረት ዕቃ አዘጋጁ። የፕላስቲክ ነገር አይሞከርም። ዘይቱን ወደ 50 ወይም 60 ዲግሪ አሙቁት፤ የሞቀ ዘይት ቀጠን ስለሚል ብረቱን በፍጥነት ይከባል፣ ሙቀቱንም ይወስዳል። ዘይቱ ቢነድ መክደኛውን ክደኑ። የነደደ ዘይት ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ይበትነዋል።

ይህን ሥራ ጥላ ያለበት፣ ጨለም ያለ ቦታ ላይ ሥሩት። ቀለሙ በፀሐይ አይታይም። ቢላውን ከጀርባው በኩል ቀስ ብላችሁ፣ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ። ቀጭኑ ስለትና ጫፉ ቀድመው ስለሚግሉ እነሱን ከእሳቱ መሃል አርቁ። ደጋግማችሁ በማግኔት ሞክሩት። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መያዝ ይተዋል። ለባሌስትራ ይህ ገና አይበቃም፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ማለት፣ ወደ 830 መጠጋት አለበት። በዓይን ሲታይ ከዚያ ቀይ አንድ ደረጃ ፈካ ያለ ነው። ቀለሙ ከጫፍ እስከ ጅራት እኩል ሲሆን አንድ ሁለት ደቂቃ እዚያው ያዙት። በዚህ ጊዜ የሙከራ ቁራጫችሁ የተሰበረበትን ልስልስ ግራጫ ቦታ አስታውሱ።

ከዚያ ሳትዘገዩ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ ክተቱት። በከፊል ወጥቶ ከቀረ የዘይቱ ላይ ይነዳል። ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ስለቱና ወደ ጀርባው አንቀሳቅሱ። ወደ ጎን ካወዛወዛችሁት አንዱ ፊት ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይጎብጣል። አሥር ሰከንድ ያህል ቆይታችሁ አውጡና ተመልከቱ። ጎብጦ ከሆነ ገና ትኩስ እያለ ጥቂት ሰከንድ አለላችሁ፤ በጓንት በእጅ ወይም በሁለት እንጨት መሃል አቃኑት። ከቀዘቀዘ በኋላ ለማቃናት መሞከር ይሰብረዋል።

በሞረድ ፈትኑት። ስለቱ ላይ ሞረዱ ከተንሸራተተ ተሳክቷል። ላዩ ላይ ትንሽ ቢነክስ አትደንግጡ፤ ካርቦኑ የተቃጠለበት ስስ ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ሞርዳችሁ እንደገና ሞክሩ። ከውስጥም ከነከሰ ሙቀቱ አልበቃም ማለት ነውና አንድ ጊዜ አረጋግታችሁ ድገሙት።

ማለዘብ

አሁን ቢላው ከወደቀ ሊሰበር የሚችል ነው። ለነገ አታሳድሩት፤ እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ወዲያው ወደ ማለዘብ ግቡ። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ብሩህ አድርጉት፤ ቀለሙ እንዲታያችሁ ነው። በምግብ መጋገሪያ ምድጃ በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት። የምድጃው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ሙቀት ስለሚለይ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡ። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እንዳይልባችሁ ቢላውን በአሸዋ በተሞላ ትሪ ውስጥ ቅበሩት። ዘይቱን ከቢላው ላይ አጥባችሁ ማጽዳትም ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ቤቱ በጭስ ይሞላል።

ሲወጣ ቀለሙ የፈዘዘ ገለባ መሆን አለበት። ለማእድ ቤት ቢላ ይህ ትክክለኛው ነው። እንጨት የሚፈልጥ፣ ከባድ ምት የሚያርፍበት ትልቅ ቢላ ከሆነ እስከ 230 እና 240 ድረስ ከፍ አድርጉት፤ ቀለሙ ወደ ጠቆር ያለ ገለባ ይሄዳል። ወይን ጠጅ እና ሰማያዊ ከሆነ ለስለት በጣም ለዝቧል።

ከእጀታው በፊት ስለቱን ፈትኑ

በዚህ ደረጃ ስለቱን በውሃ እያቀዘቀዛችሁ አሳሱትና ሳሉት። እጀታ ገና አይገጠም፤ ምናልባት ወደ ምድጃ መመለስ ይኖርበታል። የነሐስ ወይም የመዳብ ዘንግ አስቀምጡና ስለቱን በመሳያው ማዕዘን ላይ አስተኝታችሁ ቀለል አድርጋችሁ ጫኑት። ስለቱ ትንሽ ተጣጥፎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ከተሸረፈ ተሰባሪ ነው፤ በ15 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና አለዝቡት። ታጥፎ ከቀረ ደግሞ በጣም ለዝቧል ወይም መጀመሪያውኑ አልጠነከረም፤ አረጋግታችሁ እንደገና አጠንክሩት። ደረቅ እንጨት መፋቅም ጥሩ ፈተና ነው።

ፈተናውን ካለፈ በብርጭቆ ወረቀት ከ120 ጀምራችሁ 220፣ 400 እያላችሁ አጥሩት። አዲሱን ቁጥር ከቀድሞው ጭረት ጋር በሚያቋርጥ አቅጣጫ ሥሩ፤ የቀድሞው ጭረት ሲጠፋ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ። ለእጀታ በደንብ የደረቀ ጠንካራ እንጨት ተጠቀሙ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከብረቱም ይላቀቃል። ሁለቱን ፊት በኢፖክሲና በነሐስ ወይም በብረት ዘንግ እሰሩ። ኢፖክሲው የሚይዘው ንጹሕና ትንሽ ሻካራ ገጽ ላይ ነው፤ ከመቀባታችሁ በፊት ብረቱን በአልኮል ጥረጉት። በመጨረሻ እንጨቱን ዘይት አጠጡት።

የማእድ ቤቱን ቢላ ስለት በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ላይ ሳሉት፤ እንጨት ለሚፈልጠው ወደ 25 ከፍ አድርጉ። ከአንዱ ፊት ሳሉና በሌላው ፊት በኩል ቀጭን የብረት እንጥፋት በጣት ሲዳሰስ ተሰምቶ እስኪገኝ ቀጥሉ። ከዚያ በሌላው ፊት ደግሙት። ግፊቱን እያቀለላችሁ ሂዱና እንጥፋቱን ቆዳ ላይ በጀርባው አቅጣጫ እየጎተታችሁ አስወግዱ። ይህ ብረት ዝገት አይቋቋምም። ከተጠቀማችሁበት በኋላ እጠቡት፣ ወዲያው አድርቁት፣ ሳይሠራ የሚቆይ ከሆነ የምግብ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ላዩ ግራጫና ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህ ዝገት አይደለም፣ መፋቅም አያስፈልገውም። ቀይ ነጥብ ካያችሁ ግን በዘይት በነከራችሁት ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በዚያው ቀን ጥረጉት።